የእንስሳት ጤና ረዳቱ ለምን ይሄዳል?
ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሥራ ዕድገቱና ማኅበራት ሊያደርጉት ስለሚችሉት

በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ በአብዛኛው ሲቀርብ የቆየው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም መከላከያ ነው። የአሁኑ ግን ስለ አንድ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ጸሐፊው የሰብል ሰው ሆኖ ሳለ ስለ እንስሳት ጤና ረዳት መጻፉ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ቀጥሎ ይገለጻል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ወረዳ በገበሬዎች ማሳ ላይ የስንዴ ዝርያ ሙከራ እናካሂድ ነበር። ዘሩ ተመርጧል፣ ማዳበሪያው በጊዜው ደርሷል፣ ዝናቡም በሰኔ መጀመሪያ በደንብ ጥሏል። ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጎርርሳ ገባ። ጎርርሳ እንደሚታወቀው በበጋው መኖ አንሷቸው የከረሙትንና የእርሻ ሥራ በድንገት የተጫናቸውን በሬዎች ቀድሞ የሚጥል በሽታ ነው። ከሙከራው ገበሬዎች መካከል ሦስቱ በሬዎቻቸውን አጡ። ሌሎቹም ከጎረቤት በሬ ለመዋስ ሲጠባበቁ የዘር ጊዜው አለፈባቸው። ከዝናቡ በፊት መሰጠት የነበረበት ክትባት በወረዳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጠፋው የሚወጋው ሰው ነው። የእነዚያ ቀበሌዎች የእንስሳት ጤና ረዳት በሚያዝያ ወር ሥራውን ለቅቆ ወደ ከተማ ስለ ሄደ የጤና ኬላው በር ተቆልፎ ነበር። በሬያቸው የሞተባቸው አንድ አዛውንት ወደ ማሳው ስንሄድ፣ «ልጄ፣ ያመጣኸው ዘር ጥሩ ነው፤ ግን በምን ልረስ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ያንን ረዳት በከተማው በአንድ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ሲሸጥ አገኘሁት። ስንፍና ነው ብዬ ነቅፌው ነበርና ምክንያቱን ጠየቅሁት። ስድስት ዓመት በገጠር ሠርቷል። ሞተር ሳይክል ተሰጥቶት ቤንዚኑን ከደመወዙ ይገዛ ነበር። ዲግሪ ለመማር ሁለት ጊዜ አመልክቶ ተራው አልደረሰውም። ደረጃው ባለበት ነው። «ላም ሲያምጣት ሌሊት ይጠሩኛል፤ ዶክተር ብለው ያከብሩኛል። የወር ሂሳቤን ግን ሚስቴ ታውቀዋለች» አለ። ከዚህ በኋላ ልነቅፈው አልቻልኩም።

ጉዳዩን ከዚያ ወዲህ በየደረስኩበት ወረዳ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ደመወዝ አነሰ በሚለው ይጀምራል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሲሰማ ሌላ ነገር ይወጣል። የረዳቱ የዕድገት መንገድ በሙሉ ከከብቱ የሚያርቀው ነው። ዲግሪ ሲይዝ ወደ ወረዳ ቢሮ ይገባል፤ ልምድ ሲያገኝ ወደ ከተማ መደብር ይሄዳል። በበረት አጠገብ እየቆየ የሚያድግበት መንገድ አልተዘጋጀለትም። ማኅበራት ሊያግዙ የሚችሉትም እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ምን ዓይነት ነው?

የእንስሳት ጤና ረዳት፣ በአሁኑ አጠራር የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን፣ ከእንስሳት ሐኪሙ በታች ሆኖ በቀበሌ ደረጃ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ቀድሞ ረዳቶች በብዛት የሚሠለጥኑት በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ በነበረው ትምህርት ቤት ነበር። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመውም በዚያችው ከተማ ሲሆን ዘመኑ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንደ አላጌና አጋርፋ ባሉ ቦታዎች ሲከፈቱ፣ የእንስሳት ጤና ከሌሎቹ የግብርና ትምህርቶች ጋር በዲፕሎማ ይሰጥ ጀመር። በኋላም በደረጃ ተከፋፍሎ በብቃት ምዘና ፈተና የሚያልፍ ሆነ።

በዚያው ጊዜ በተዘረጋው አሠራር በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች ተመደቡ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት እርባታ፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የጤና ረዳቱ ግን ለብዙ ቀበሌዎች አንድ ነው። ስለዚህ ከልማት ሠራተኛው ይልቅ እርሱ ብዙ መንገድ ይጓዛል። የሚጓዘውም ዕቃ ተሸክሞ ነው። ክትባት ከማቀዝቀዣ ከወጣ ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። በረዶው በመንገድ ከቀለጠ የተከተበው ከብት ያልተከተበ ያህል ነው። ገበሬውም «ተከትቦ ሞተብኝ» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ከብቱን አያመጣም። ይህ የደረሰበት ቀበሌ እምነቱን እስኪመልስ ዓመታት ይፈጃል።

ዕውቀቱም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል የአባ ሰንጋ ክትባት ሕይወት ያለው ስለሆነ በዚያው ሰሞን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለተወጋ ከብት ቢሰጥ ይከሽፋል። ከብቱ በአባ ሰንጋ መሞቱ ከተጠረጠረ በድኑ ሳይከፈት በጥልቅ መቀበር አለበት። ይህንን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ከሌለ ሥጋው ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታመመው ሰው ነው። ረዳቱ ራሱም በየቀኑ ለአባ ሰንጋ፣ ለውርጃ በሽታና ለእብድ ውሻ በሽታ የተጋለጠ ነው። የወለደች ላም የእንግዴ ልጅ ቀርቶባት በባዶ እጁ ሲያወጣ ያየሁት ረዳት፣ ጓንቲ ከአለቀ ሦስት ወር ሆኖት ነበር።

የዚህ ሙያ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከታሪክ ማየት ይቻላል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ሲፈጅ፣ የተከተለው ረሃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሬ ስላልነበረ መሬቱ ጦም አደረ። ያው በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በአፋር በ1988 ዓ.ም. ነው። ለመጥፋቱ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሰጥቷቸው፣ መኪና በማይደርስበት እየተጓዙ የከተቡ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። እነዚያ ሠራተኞች ግን ፕሮጀክቶቹ ሲያበቁ መድኃኒት የሚያቀርብላቸውና ለድካማቸው የሚከፍላቸው በመጥፋቱ ብዙዎቹ ሥራውን ትተዋል። ሥልጠና ሰውየውን እንደሚያዘጋጅ፣ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር መሆኑን ያኔም አይተነዋል።

ደመወዙ

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ ዝቅተኛው መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ መነሻም ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። ዲግሪ የሌለው ረዳት እንደ ደረጃው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ከዚህም ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል።

ጭማሪው በራሱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወዷል፤ ረዳቱ ደግሞ የሚሠራው ከውጭ በሚመጣ ነገር ነው፤ በቤንዚን፣ በሞተር መለዋወጫ፣ በመርፌና በመድኃኒት። የመንገዱን ወጪ ከኪሱ የሚችል ከሆነ የሄደበት ቀን ሁሉ ደመወዙን ይቀንስበታል። ስለዚህ አለመሄድ ለእርሱ ቁጠባ ይሆናል። ይህ የሰውየው ጠባይ አይደለም፤ የአሠራሩ ነው። ሁለተኛው፣ በዲግሪና ከዲግሪ በታች ባለው መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ፣ አሥር ዓመት በበረት የሠራ ረዳት ትናንት ከተመረቀ ልጅ በታች ሊከፈለው ይችላል። እርከን በአፈጻጸም ምዘና ቢገኝም ያንን ክፍተት አይሞላም።

በዚህ ምክንያት የረዳቱ ሐሳብ በሙሉ ትምህርት ላይ ነው። በክረምት ወይም በማታ ትምህርት ዲግሪ የሚይዝ አለ። የእንስሳት ሕክምና ሙሉ ዶክተርነት ረጅምና በመደበኛ ፕሮግራም የሚሰጥ በመሆኑ ቤተሰብ ያለው ሰው በቀላሉ አይደርስበትም። ስለሆነም ብዙዎቹ ቅርብ የተገኘውን ይማራሉ፤ እርባታ ወይም ገጠር ልማት፣ አንዳንዴም አካውንቲንግ። ሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ጥሩ ከታቢ አውቃለሁ። ያገኘው ደመወዝ ይገባዋል፤ ወረዳው ግን ከታቢውን አጥቷል።

ሌሎቹ የሥራ በሮች

የመጀመሪያው በር መድኃኒት መደብር ነው። ከእንስሳት ጤና ጋር የተያያዙት ሕጎች፣ ለምሳሌ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 728/2004፣ በግል መሥራትን በፈቃድና በሙያ ብቃት ይገድቡታል እንጂ አይከለክሉትም። ስለዚህ ያለውን ያጠራቀመ ረዳት ፈቃድ አውጥቶ መደብር ይከፍታል፤ ያልቻለው በሌላ ሰው መደብር ይቀጠራል።

ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ያሉት የዶሮና የወተት እርባታ ድርጅቶችና የኤክስፖርት ቄራዎችም ረዳት ይፈልጋሉ። የድርጅት ሥራ መንገድ የለውም፤ ከብቱ በአንድ ቦታ ነው። ከዚህ ሌላ የሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል አለ። ማዳቀል ከሁሉ ይልቅ ለገጠር የሚስማማ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሥራው በወተት ላሞች አጠገብ ነው፤ ገበሬውም ጥጃውን ሲያይ ለመክፈል አይከብደውም። ማዳቀልና ሕክምና በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ፣ አንዱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሌላው ያኖረዋል። ሴቶች ረዳቶችም በዚህ ሥራ ቢበረታቱ መልካም ነው። የጥገቷን ላምና የዶሮዋን ሁኔታ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ከሴት ባለሙያ ጋር በነጻነት ትነጋገራለች።

ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

የወተት ማኅበራት ይህንን ቀድመው ተረድተውታል። በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው የአድአ ወተት አምራቾች ማኅበር የሕክምናና የማዳቀል አገልግሎት ለአባሎቹ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ጋር እንዲካተት አድርጓል። የእህል ማኅበራት ግን ከብትን የራሳቸው ጉዳይ አድርገው አይቆጥሩም። በሬ ከሌለ እህል እንደሌለ እያወቁ ይህን ማለታቸው ይገርመኛል።

ሂሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ሦስት ተጎራባች መሠረታዊ ማኅበራት እያንዳንዳቸው 400 አባላት፣ እያንዳንዱ አባል 4 ከብት አለው እንበል። በድምሩ 4,800 ከብት ይሆናል። በአንድ ከብት በዓመት 50 ብር ቢዋጣ 240,000 ብር ይገኛል፤ ለአንድ ቤተሰብ ማለት 200 ብር ነው። ከዚህ ገንዘብ አንድ ረዳት በወር 12,000 ብር ቢቀጠር የዓመቱ 144,000 ብር፣ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ 15,840 ብር፣ ለቤንዚንና ለሞተር ጥገና በወር 4,000 ብር ሂሳብ 48,000 ብር፣ ለቤት ኪራይ በወር 1,500 ብር ሂሳብ 18,000 ብር ይወጣል። የሚተርፈው 14,160 ብር ለጓንቲ፣ ለቦቲና ለበረዶ ሣጥን ይውላል። ሞተር ሳይክሉን ዩኒየኑ አንድ ጊዜ ይግዛ ወይም ያከራይ። አኃዞቹን በየአካባቢያችሁ ዋጋ ለውጣችሁ እንደገና አስሉት፤ ከዚያም የአንድ የእርሻ በሬ የዛሬ ዋጋ ከጎኑ ጻፉ።

እዚህ ላይ መደበቅ የሌለበት ነገር አለ። ግማሹ አባል ካልከፈለ ገንዘቡ 120,000 ብር ብቻ ይሆንና ደመወዙን እንኳ አይሸፍንም። በየቤቱ እየዞሩ መሰብሰብ ደግሞ አይሳካም። መዋጮው ገበሬው እህሉን ለማኅበሩ በሚያስረክብበት ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሽያጩ ወይም ከትርፍ ድርሻው እንዲቀነስ በጠቅላላ ጉባኤ አስቀድሞ ይወሰን።

የራሱን ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም የሌለው ማኅበር ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ይስማማ። ረዳቱ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነ ይቆይ፤ ማኅበሩ ቤንዚኑን፣ ማደሪያውንና መሣሪያውን ይቻል፤ ጽሕፈት ቤቱም የጉብኝቱን ቀኖች በፕሮግራም ያስቀምጥ። በየመንደሩ የታወቀ ቀን መኖሩ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ማክሰኞ እንደሚመጣ የታወቀ ረዳት ከአሥር ቤት ይጠራል፤ የማይታወቅ ግን በአንድ ጥሪ አንድ ከብት ለማየት ይንከራተታል። በድብቅ የሚሰጥ ጉርሻ ግን ይቅር። ሰውየውን ያስነቅፈዋል፤ ለመክፈል አቅም የሌለውንም ገበሬ ወደ ኋላ ያስቀረዋል።

መድኃኒትና ደመወዝ አይቀላቀሉ

በብዙ ቦታ ረዳቱ የሚኖረው ከሚሸጠው መድኃኒት በሚያገኘው ትርፍ ነው። ይህ ለማኅበሩ የሚቀል ይመስላል፤ ደመወዝ አያስከፍልምና። እኔ ግን አልደግፈውም። ትርፉ ከጠርሙሱ ከሆነ ጠርሙስ ይበዛል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሳልም፣ ለእከክም፣ ለመክሳትም ይወጋል። ለገንዲ የሚሰጡት ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም ያለ ምርመራ በየጊዜው ሲወጉ ምን እንደሚከተል ከጊቤ ሸለቆ መማር ይቻላል። እዚያ በተደረገው ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች የተላመደ ገንዲ ተገኝቷል። መድኃኒት ከተወጋች ላም የታለበ ወተትም የመታገሻ ቀኑ ሳያልፍ ለልጆች እንዳይሰጥ የሚነግር ሰው፣ ነግሮ የማይጎዳ ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ ረዳቱ ለጉብኝቱና ለምርመራው ይከፈለው። መድኃኒቱ ግን በማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ በደረሰኝ ከተፈቀደለት አስመጪ ወይም ከዩኒየኑ ይገዛ፤ ጥቂት ጨምሮ ለአባል ይሸጥ፤ ጭማሪው ወደ ገንዘቡ ይመለስ። ሂሳቡን የሚይዘው የማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ረዳቱ አይሁን። ገበሬው «መርፌ ሳትወጋኝ ለምን ታስከፍለኛለህ?» ማለቱ አይቀርም። የልማት ሠራተኞች ይህንን በስብሰባ አስቀድማችሁ አስረዱ። ከብቷ መርፌ አያስፈልጋትም ብሎ የተናገረ ረዳት ለገበሬው ገንዘብ አተረፈለት።

ትምህርቱስ?

ትምህርትን መከልከል ሰውን አያቆይም፤ ያባርራል። የሚሻለው መንገዱን ማስያዝ ነው። ማኅበሩ የክረምት ትምህርቱን ክፍያ ግማሽ ቢችልና ረዳቱ ከተመረቀ በኋላ ሦስት ዓመት እንዲያገለግል ቢዋዋል ሁለቱም ይጠቀማሉ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይግባ። የሚማረው ትምህርት የእንስሳት ጤና ወይም ማዳቀል ይሁን፤ ሲመረቅም ደመወዙ በምን ያህል እንደሚያድግ በአኃዝ ይጻፍ። «እንደ ሁኔታው ይታያል» የሚል ውል ረዳቱን ለመሄድ ያዘጋጀዋል። በሌለባቸው የክረምት ወራት ማን እንደሚተካውም ይታሰብ፤ ሐምሌና ነሐሴ በሽታ የሚበዛባቸው ናቸው። ተጎራባች ረዳቶች በተራ እንዲማሩ ማድረግ አንድ መፍትሔ ነው።

የልማት ሠራተኞች ሥራውን አሁን ልትጀምሩ ትችላላችሁ። አስቀድማችሁ በቀበሌያችሁ ያለውን ረዳት አነጋግሩ። አንድ መንደር ሄዶ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተጠራና ስንቱን ሄዶ እንዳየ ጠይቁ፤ መልሱን በማስታወሻ ያዙ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወረዳው ድርሻ እንዲካተት ጥያቄው እስከ መጋቢት መጨረሻ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ መድረስ አለበት። የጎርርሳና የአባ ጎርባ ክትባት ከዝናቡ በፊት፣ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እንዲጠናቀቅም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀኖቹን ከረዳቱ ጋር አስቀድሞ ይወስን። ከማመልከቻው ጋር የአባላቱ ከብት ቁጥር በየመንደሩ ተለይቶ ይያያዝ፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ለተጨማሪ ማብራሪያ ተብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እስኪስተካከልም ሰኔ ይደርሳል።